አንድ ትራክተር ለሁለት ማሳ

የዛሬው ወጋችን ስለ ተሳቢ ነው፤ ከፒክአፕ ኋላ ተቀጥሎ ትራክተር ስለሚያጓጉዘው፣ ብዙ ሰው ዋጋውን ብቻ አይቶ ስለሚገዛው ተሳቢ። ይሄም ወግ ሆኖ ይወራል ወይ ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። የሁለት ቤተሰብ ጥሪት አለበት፤ የሰው ነፍስ አለበት፤ ተራራም አለበት።

አገሩ ቨርጂኒያ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሲነዱ ከተማው እየሳሳ፣ መስኩ እየሰፋ ይሄድና ብሉ ሪጅ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት ከፊት ይደቀናል። ከተራራው ወዲያ፣ በሸናንዶዋ ሸለቆ አፍ ላይ፣ ፍሮንት ሮያል የምትባል ከተማ አለች። ከተራራው ወዲህ ደግሞ ከልፔፐር አለች። ሁለቱን የሚያገናኘው 522 ቁጥር መንገድ ከፍሮንት ሮያል ተነስቶ ቼስተር ጋፕ በሚሉት የተራራ በር ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ እየተጠማዘዘ ወደ ፍሊንት ሂል ይወርዳል።

በዚህ አገር አንድ ሐበሻ ነበር። አሌክሳንድሪያ እየኖረ ዓመታት ታክሲ ነድቷል፤ ሚስቱም ሌሊት ሌሊት አረጋውያን ስትጦር ኖራለች። ያጠራቀሙትን ይዘው ፍሮንት ሮያል አጠገብ መሬት ገዙ። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ በሶብላ ያለማሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ሱቆች ያደርሳሉ። የሚስቲቱ ታላቅ ወንድም ደግሞ መሬቱ ከልፔፐር አጠገብ ነው። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ከነተሳቢው የነዱ፣ አሜሪካም መጥተው ባለ 18 ጎማውን ይዘው ከአንዱ ውቅያኖስ ዳር እስከ ሌላው የተመላለሱ ሾፌር ናቸው። ቤተሰቡ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኛም እንዲሁ እንበላቸው።

ሁለቱ ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ትራክተር ገዙ። 25 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ አነስተኛ ከሚባሉት ወገን የሆነ፣ ከፊቱ አፈር መዛቂያ ባልዲ፣ ከኋላው የቁጥቋጦ ማጨጃ ያለው ነው። ጸደይ ሲገባ አንዱ ማሳ ላይ ያርሳል፣ ከዚያ ተራራውን ተሻግሮ ሌላው ማሳ ላይ ያርሳል፤ በመከር እንደገና። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ መሻገሩ አይቀርም። በራሱ ጎማ ይሂድ እንዳይባል እንዲህ ያለው ትራክተር ቢሮጥ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ማይል ነው፤ በዚያ ጠመዝማዛ ተራራ ላይ መኪና ሁሉ ከኋላው ተሰልፎ፣ የማይሆን ነገር ነው።

እንግዲህ ተሳቢ ያስፈልጋል ተባለ። ሰውዬው ተሳቢ ወደሚሸጥበት ግቢ ሄደ። ባለ አንድ አክስል፣ ቀለሙ ያልተነካ፣ ከኋላው እንደ በር የሚዘረጋ የሽቦ መወጣጫ ያለው ተሳቢ አየ፤ ዋጋው ልብ ያሞቃል። የተለጠፈበት ሰሌዳ 2,990 ፓውንድ ይላል። የትራክተሩ መግለጫ ወደ 2,600 ፓውንድ ይላል። ሰውዬው እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣ።

«ጋሼ፣ አገኘሁልዎ! እንዲያውም ወደ 400 ፓውንድ ይተርፈዋል።»

«ቀብድ ሰጠህ?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው ምንም ሳትፈርም ወደ ቤትህ ተመለስ። ማታ እመጣለሁ።»

ይህችን 2,990 የምትል ቁጥር ልብ በሉልኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ጠቅላላ ክብደቱ 3,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ሕጉ ያዛል፤ ሌሎች ብዙ ክፍለ ግዛቶችም መስመሩን እዚያው ላይ አስምረውታል። አምራቹ ከመስመሩ 10 ፓውንድ ዝቅ ብሎ የሚቆመው ፍሬን የሌለው ተሳቢ በርካሽ ለመሸጥ ነው። ይህ ወንጀል አይደለም፤ ለሣር ማጨጃና ለቤት ዕቃ ይበቃል። ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ተሳቢው የሚሸከመው ጭነት አይደለም። ተሳቢው ራሱና ጭነቱ አንድ ላይ ተደምረው ሊመዝኑ የሚችሉት ጣሪያ ነው። ያ ተሳቢ ባዶውን ወደ 1,000 ፓውንድ ይሆናል። የቀረው 2,000 ነው። ትራክተሩ ደግሞ 2,600።

ማታ ጋሼ መጡ። እራት ተበላ፣ ቡና ተፈላ። ሚስቲቱ እርሳስና ወረቀት ይዛ ተቀመጠች፤ የቤቱ ሒሳብ ምንጊዜም በእሷ እጅ ነው።

«ጻፊ» አሏት ጋሼ። «ትራክተሩ ባዶውን፣ 2,600። ከፊት ያለው ባልዲ ከነክንዱ ስንት ነው?»

ሰውዬው መጽሐፉን አገላብጦ «ወደ 900» አለ።

«ጻፊ። የኋላ ጎማዎቹ ውስጥ ፈሳሽ አስሞልታችኋል አይደል?»

አስሞልተዋል። ባልዲው አፈር ሲያነሳ የትራክተሩ ቂጥ እንዳይነሳ የኋላ ጎማዎችን በፈሳሽ መሙላት የተለመደ ነው። እነሱ የሞሉት ከስኳር ቀይሥር የሚወጣና ብርድ የማያረጋው ፈሳሽ ነው፤ ጋሎኑ ወደ 11 ፓውንድ ይመዝናል። በእያንዳንዱ ጎማ 25 ጋሎን ገብቷል። ሚስቲቱ አባዛችውና «550» አለች፤ ባሏን ቀና ብላ አየችው። መግለጫው ላይ ይህ የለም።

ማጨጃው 550። ነዳጁ፣ ሰንሰለቱ፣ ኮተቱ ሲደመር 150 ይሁን ተባለ። እርሳሷ ከታች አሰመረች፤ 4,750 ፓውንድ። በአገራችን ሚዛን ከ21 ኩንታል በላይ ነው። ከሰዓት በኋላ 2,000 ፓውንድ ሊሸከም በሚችል፣ ፍሬን በሌለው ተሳቢ ላይ ሊወጣ የነበረው ይህ ነው።

«ጋሼ፣ አንተ ባትኖር…» አለችና ዝም አለች።

እኔ ይህን ወግ የማወጋችሁ ለዚህች ደቂቃ ስል ነው። ሰዎች ትራክተር የሚገዙት በፈረስ ጉልበቱ፣ ተሳቢ የሚገዙት በዋጋው፣ መኪናቸውን የሚያምኑት ማስታወቂያው «ይጎትታል» ስላለ ነው። ሦስቱን አንድ ወረቀት ላይ ደምሮ የሚያያቸው ጥቂት ነው። መሳብማ ማንኛውም ሞተር ጥቂት ይስባል። የጎተትከው ነገር ቁልቁለት ላይ ሲገፋህ ማቆም ትችላለህ ወይ ነው ጥያቄው፤ ተሳቢም የሚመረጠው ከዚያ ጥያቄ ተነስቶ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው።

ወደ ወጋችን። ሁለት ዓይነት ተሳቢ ተመዘነ። አንደኛው ሁለት አክስል ያለው፣ እያንዳንዱ አክስል 3,500 የሚሸከም፣ ጣሪያው 7,000 ፓውንድ የሆነ። ባዶውን ወደ 2,000 ይመዝናል፤ ከጭነቱ ጋር 6,750። ይችላል ማለት ነው፤ የሚተርፈው ግን 250 ፓውንድ ብቻ ነው። ነገ አንድ ከረጢት ማዳበሪያ፣ አንድ የአፈር መደልደያ ሲጨመር ያልቃል። ሁለተኛው አክስሎቹ እያንዳንዳቸው 5,200 የሚሸከሙ፣ ጣሪያው 9,990 ፓውንድ የተባለ ነው። ባዶውን ወደ 2,800፤ ከጭነቱ ጋር 7,550። ከ2,400 ፓውንድ በላይ ይተርፋል። 10,000ን ስላላለፈም ልዩ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አያስከትልም። ጋሼ ሁለተኛውን መረጡ፤ እኔም ብሆን እሱን ነበር የምመርጠው። ሁልጊዜ ጣሪያው ላይ የሚሠራ ጎማ፣ ኩሽኔታና ባሌስትራ ዕድሜ የለውም።

ሚስቲቱ ግን አንድ ጥያቄ አነሳች፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። «በዓመት ሁለት ሦስቴ ለሚሆን ነገር ለምን አንከራይም?» በዓመት አንዴ ብቻ ለሚያንቀሳቅስ ሰው እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ወይ መከራየት፣ ወይ ትራክተሩን የሸጠው ድርጅት በራሱ ተሳቢ እንዲያደርስለት መክፈል። የእነሱ ነገር ለየት የሚለው የሚፈልጉበት ሰሞን ገበሬው ሁሉ የሚፈልግበት ሰሞን መሆኑ ነው። አፈሩ የሚመቸው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ኪራይ ጠፍቶ ሳምንት ቢያልፍ የዓመቱ ድንች አለፈ። ስለዚህ ይገዛ ተባለ፤ አሮጌም ቢሆን፣ ብረቱ ያልተሰነጠቀ፣ ወለሉ ያልበሰበሰ፣ ስመ ሀብቱ ንጹሕ ከሆነ።

ከዚያ የጎታቹ ነገር መጣ። የሰውዬው መኪና ቶዮታ ታኮማ ነው፤ የመጎተት አቅሙ 6,500 ፓውንድ ገደማ። ከሁለቱም ተሳቢዎች ያነሰ ነው። ሰውዬው ከፋው፤ መኪናውን ይወዳታል። የጋሼ ፒክአፕ ትልቅ ነው፣ ከ9,000 በላይ ይጎትታል። ጋሼ ግን በዚህም አልረኩም፤ በሹፌሩ በኩል ያለውን በር ከፍተው ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በባትሪ አበሩበት። መኪናው በጀርባው የሚችለው፣ ሰውም ዕቃም ተደምሮ፣ 1,600 ፓውንድ ይላል። የተሳቢው አፍንጫ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያያዘው የፊት ጫፉ፣ ደግሞ መኪናው ላይ ይጫናል፤ የሚጫነው ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 መሆን አለበት። ለ7,550 ሲሰላ ከ755 እስከ 1,130 ማለት ነው። ሁለት ሰውና ዕቃው 400 ቢሆን 1,200 ይቀራል። ይበቃል፤ ግን ሌላ ሰው ጨምሮ፣ ከኋላ ደግሞ ጆንያ ድንች ጭኖ አይደለም። ቀጥለው ከመኪናው ሥር ተንጋለው የመጎተቻውን ሰሌዳ አነበቡ። እንዲህ ባሉ ፒክአፖች ብዙውን ጊዜ እንደሚገኘው፣ አፍንጫው ከ500 ፓውንድ ካለፈ ክብደቱን ለፊት ጎማዎችም የሚያካፍል ዘንግ ይገጠም ይላል። ዘንጉም ተገዛ።

ርዝመቱን ሰውዬው ራሱ በሜትር ለካ። ትራክተሩ ብቻውን አጭር ነው፤ ባልዲው ከፊት፣ ማጨጃው ከኋላ ሲቀጠል ግን ከ18 ጫማ ጥቂት አለፈ። 16 ጫማ ተሳቢ ቀረ፤ 18ም ቀረ። 20 ጫማ ሆኖ የመጨረሻው 2 ጫማ ወደ መሬት ያዘነበለ ተሳቢ ተገኘ።

አሁን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ የሰው ሕይወት ያለው እዚህ ላይ ነው። ትራክተር ሰው ይዞ የሚገለበጠው ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ ወደ ተሳቢ ሲወጣም ይገለበጣል። መወጣጫው ብዙ ዓይነት ነው። ያ የሽቦ በር ለሣር ማጨጃ የተሠራ ነው፤ የትራክተር ጎማ ሲያርፍበት ይጎብጣል፣ በመንገድ ላይም ቆሞ ነፋስ ይገፋል። ከወለሉ ሥር የሚሳብ መወጣጫ አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ከባድ ነው፣ ወገብ ይፈልጋል። በማጠፊያ ቆሞ በመጠምጠሚያ ሽቦ ጉልበት የሚነሳና የሚወርድ አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ወለሉ ራሱ የሚያጋድለው ነው፤ መወጣጫ የሚባል ነገር የለውም፣ ትራክተሩ ሲወጣ ወለሉ በዘይት ቧንቧ ታግዞ ቀስ ብሎ ይተኛል። ገንዘብ ያለው እሱን ይግዛ እላለሁ፤ በተለይ ብቻውን የሚጭን ሰው። እነሱ አቅማቸው የቻለው ቆሞ የሚታጠፈውን ነው።

ያም ሆኖ ጋሼ የመጀመሪያውን ቀን ትራክተር ሳያስነሱ አስተማሩ። ተሳቢው ከመኪናው ጋር ሳይያያዝ ምንም አይጫንበትም። መሬቱ ደልዳላ ይሁን። የመኪናውም የተሳቢውም ጎማ ሽብልቅ ይደረግበት። ምክንያቱን ሰውዬው አላወቀም ነበር። ትራክተሩ መወጣጫው ላይ ሲደርስ ክብደቱ ሁሉ ከአክስሎቹ በስተኋላ ነው፤ የተሳቢውን ጭራ ወደ መሬት ይጫናል፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል፣ አፍንጫው ደግሞ የመኪናውን የኋላ ጎማ ከመሬት ያቀልላል። የመኪናው የእጅ ፍሬን የሚይዘው እነዚያን የኋላ ጎማዎች ነው። ቀለሉ ማለት ሁሉም ነገር አብሮ መንሸራተት ጀመረ ማለት ነው። ስለዚህ ከተሳቢው ጭራ ሥር መደገፊያ ይቆማል፤ የሌለው ሰው ጠንካራ ግንድ ይደርድር።

«አሁን ትራክተሩን ስማ» አሉ ጋሼ። «በዝቅተኛው ማርሽ፣ አራቱም ጎማ ተያይዞ፣ ባልዲው ከመሬት ጥቂት ብቻ ተነስቶ። መሐል ላይ መሪ አትጠምዝዝ።»

«አራቱን ለምን? ኋላው ብቻ ይበቃው የለም?»

«ፍሬኑ የሚይዘው ኋላውን ብቻ ነው። ፊቱን ወደ ቁልቁል አድርገህ ስትወርድ ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድልና ኋላው ይቀላል፤ የቀለለ ጎማ ደግሞ አይዝም። አራቱ ሲያያዙ ፊቱም አብሮ ይይዛል።»

ከመቀመጫው ኋላ ያለው የመገልበጫ መከላከያ ቅስት ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ ቀበቶውም እንዲታሰር አዘዙ። ቅስቱ ከታጠፈ ግን ቀበቶ አይታሰርም፤ ቢገለበጥ ሰውየው ከሥሩ ታስሮ ይቀራልና። ልጆች ሁሉ ወደ ቤት ገቡ። ትራክተሩ ወጣ፤ በሰላም ወጣ።

ማሰሩን ጋሼ ለማንም አልሰጡም። አራት ሰንሰለት፣ በአራት ማዕዘን። ወርቃማ ቀለም ያለው፣ ደረጃ 70 የሚባለው የማጓጓዣ ሰንሰለት ነው፤ 5/16 ኢንቹ እያንዳንዱ 4,700 ፓውንድ በሥራ ላይ ይችላል። የሚታሰረው ከትራክተሩ አካልና ከአክስሉ ነው እንጂ ከባልዲው ክንድ ወይም ዘይት ከሚሄድበት ቧንቧ አይደለም። ባልዲው ወለሉን እስኪነካ ይወርዳል፣ ለብቻው በጠንካራ ቀበቶ ይታሰራል፤ ማጨጃውም እንዲሁ። በንግድ ለሚጭኑ ሰዎች የፌዴራሉ ደንብ የማሰሪያዎቹ የሥራ አቅም ሲደመር ቢያንስ የጭነቱን ግማሽ እንዲያህል ይጠይቃል። የጋሼ አራት ሰንሰለት ተደምሮ 18,800 ነው፤ ለ4,750 ፓውንድ። ሰውዬው በዛ አላለም።

ሚዛን ላይ ሄዱ። በ81 አውራ ጎዳና ዳር የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያርፉባቸው ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ገንዘብ ተከፍሎበት አክስል በአክስል የሚመዝን ሚዛን ይገኛል። በመንገድ ላይ ሰውዬው ነበር የሚነዳው። ፍጥነቱ 50 ማይል ሲደርስ ተሳቢው እንደ ላም ጅራት ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር፤ መሪው በእጁ ውስጥ ቀለለ። እግሩ ወደ ፍሬን ሄደ።

«አትርገጥ!» አሉ ጋሼ። «ነዳጁን ልቀቅ። መሪውን ዝም ብለህ ያዝ።» እጃቸውን ዘርግተው የተሳቢውን ፍሬን ብቻ የሚይዘውን ማንሻ በጣታቸው ገፉት። ተሳቢው ከኋላ ተጎተተ፣ ተወጠረ፣ ቀጥ አለ።

ሚዛኑ ነገሩን በቁጥር ተናገረ። ፒክአፑ ከነሰዎቹ 5,900 ነው። ዘንጉ ተፈትቶ ተሳቢው ሲያያዝ የመኪናው ጎማዎች 6,400፣ የተሳቢው ጎማዎች 7,050 ሆኑ። አፍንጫው 500 ብቻ ነው ማለት ነው፤ ከመቶ 7 እንኳ አይሞላም። ትራክተሩ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ነበር የቆመው። እዚያው ደልዳላ ቦታ ፈልገው ሰንሰለቱን ፈቱ፤ ባልዲው ከተሳቢው የፊት ጠርዝ በላይ እስኪያልፍ ድረስ ትራክተሩን ወደ 15 ኢንች ያህል ወደ ፊት አስጠጉት። እንደገና ታሰረ፣ እንደገና ተመዘነ። አፍንጫው 900፤ ከመቶ 12። ከአንድ ክንድ ያነሰ ርቀት ነው እንግዲህ በመወዛወዝና በመረጋጋት መካከል ያለው። ሲመለሱ በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት ነዱት፤ ተሳቢው መኖሩም አልታወቀ።

አሁን ፍሬኑን ላውራላችሁ፤ ጋሼ ሌሊቱን ሙሉ ያወሩት እሱን ነበርና። ታርማ በርን ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ከነተሳቢው የወረደ ሾፌር ፍሬን ማለት ምን እንደሆነ ከማንም መጽሐፍ አይማርም። በእሳቸው ዘመን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይወርድ ነበር እንጂ ከተጀመረ በኋላ አይደለም። ፍሬኑን ረግጦ ተደላድሎ የወረደ፣ ሸራው ጋለ፣ ጨሰ፣ መያዝ አቆመ። ገደሉ ውስጥ የቀሩትን መኪናዎች ጋሼ አይተዋል።

የዚህ ተሳቢ ፍሬን በኤሌክትሪክ ይሠራል። በየጎማው ታምቡር ውስጥ ማግኔት አለ። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ከመሪው በታች የተገጠመው መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ማግኔቱ የሚዞረውን ታምቡር ይጣበቀዋል፣ አብሮት ሊዞር ሲል ክንዱን ይጎትታል፣ ክንዱም የፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያፋትጋል። መቆጣጠሪያ የሌለው መኪና ይህን ተሳቢ ቢጎትት ፍሬኑ እንደሌለ ነው። ባለ 4 ሽቦው ሶኬት መብራት ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ ለፍሬን ባለ 7ቱ ያስፈልጋል። ሁለቱም አክስል ላይ ፍሬን መኖሩን ጎንበስ ብሎ ማየትም ተገቢ ነው፤ አንዱ ላይ ብቻ የተገጠመላቸው አሉና። ጋሼ ባዶ ሜዳ ላይ በ25 ማይል እየነዱ የመቆጣጠሪያውን ኃይል ከፍ እያደረጉ ሄዱ፤ የተሳቢው ጎማ ሊቆልፍ ሲል ጥቂት መለሱት። ቀጥለው ከተሳቢው አፍንጫ ላይ ያለችውን ትንሽ ባትሪ ፈተሹ። ተሳቢው ቢነጠል አንዲት ሽቦ ሚስማር ትነቅላለች፣ ባትሪዋም የተሳቢውን ፍሬን ብቻዋን ትይዛለች። ባትሪዋ ሞታ ከሆነ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

የመያዣውም ኳስ አለ። ይህ ተሳቢ የሚፈልገው 2 ኢንች ከ5/16 የሆነውን ኳስ ነው። ሰውዬው ቤት ያለው ግን 2 ኢንች ነበር። ክፉው ነገር ትልቁ መያዣ ትንሹ ኳስ ላይ ይቀመጣል፣ የሚቆልፍም ይመስላል፤ ጉድጓድ ሲመታ ነው የሚዘለው። ጋሼ፣ ገና ወደ ሚዛኑ ሳይወጡ፣ ኳሱን አይተው ምንም ሳይናገሩ ፈተው ጣሉት፣ ትክክለኛውን አስገዙ፤ የደኅንነት ሰንሰለቶቹንም ከአፍንጫው ሥር አነባብረው አያያዙ፣ አፍንጫው ቢወድቅ መሬት ሳይነካ እንዲያቅፉት።

ከዚያ ተሻገሩ። ጠዋት፣ መንገዱ ደርቆ፣ ከፍሮንት ሮያል ወጡ። ጥቂት ማይል እንደሄዱ ቆመው ሰንሰለቱን አዩት፤ አንደኛው ላልቶ ነበር፣ ጠበቀ። ሽቅቡን ሞተሩ እያጓራ ወጣው። የተራራው አናት ላይ፣ ቁልቁለቱ ገና ሳይታይ፣ ጋሼ ማርሽ አወረዱ። መኪናው በሞተሩ ተይዞ፣ ፍሬኑ አልፎ አልፎ ብቻ እየተነካ ወረደ። ከኋላቸው መኪና ሲበዛ ሰፊ ቦታ ፈልገው ቆመው አሳለፉ። ፍሊንት ሂል ሲደርሱ ወርደው በየጎማው መሐል እጃቸውን አስጠጉ፤ አራቱም እኩል ለብ ብለዋል። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ቢግል ኖሮ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ችግር አለበት ማለት ነበር። እኩለ ቀን ሳይሞላ ትራክተሩ ከልፔፐር ማሳ ላይ ነበር።

ተሳቢው አብዛኛውን ዓመት ቆሞ ነው የሚውለው፤ የሚያበላሸውም መቆሙ ነው። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳይበላ በፀሐይ ይደርቅና በዕድሜው ይፈነዳል። ከጎኑ ላይ የተቀረጸው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራል፤ አምስት ስድስት ዓመት ከሞላው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አላምነውም። ሚስቲቱ ይህን ቀን መቁጠሪያዋ ላይ ጽፋዋለች፤ በየዓመቱ ግራሶ የሚቀባበትን፣ ባትሪዋ የምትፈተሽበትንም።

ባለፈው በልግ አንድ ጎረቤት፣ እሱም የአገራችን ሰው፣ አነስተኛ ትራክተር ገዝቶ መጣ። ወደ ሜሪላንድ ማሻገር ይፈልጋል፤ ጥሩ ገንዘብም እከፍላለሁ አለ። ጋሼ እንቢ አሉት። በክፍያ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ከተጫነ፣ የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 10,001 ፓውንድ ከደረሰ፣ የፌዴራሉ የንግድ ማጓጓዣ ደንብ ይመጣል፤ የቤተሰቡ መድንም ያንን አይሸፍንም።

«አትቀየመኝ ወንድሜ» አሉት። «ይልቅ እርሳስና ወረቀት አምጣ። ትራክተርህ ባዶውን ስንት ነው? ጎማውስ ውስጥ ምን አስሞልተሃል?»